ዳንቴል የለበሰው ላፕቶፕ

ተረቴ መጣች፣ ጭቃው አዳልጧት። ያዙልኝ፤ ከወደቀችም ተቀምጣ ታወራለች።

ወለላ የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። በቤታቸው ጥግ፣ ነጭ ዳንቴል ተከናንቦ፣ ትራስ ላይ የሚተኛ አሮጌ ላፕቶፕ ነበር። ከተራራ ሳይበልጥ አይቀርም በዕድሜ።

አባቷ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። መንገድ በወጣ ቁጥር ተረት በድምፁ ቀርጾላት ይሄዳል፣ እዚያው ላፕቶፑ ውስጥ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጉም መጣና መስኮቱን ሸፈነው። ቤቱ ጭር አለ።

ከዳንቴሉ ሥር የሆነ ነገር ተነፈሰ። «ህእእእ… ህእእእ…»

«ማነው እዚያ ውስጥ?» አለች ወለላ በቀስታ።

እንደገና ተነፈሰ። «ህእእእ… ህእእእ…»

እጇን ከዳንቴሉ ሥር አስገብታ የአባቷን ተረት ከፈተች። ድምፁ እየተንገጫገጨ መጣ። «ጅ… ጅ… ጅቡም… መ… መ…» ከዚያ ቀጥ አለ።

«እማዬ፣ አባዬን የሆነ ነገር እየዋጠው ነው» አለቻት እናቷን።

«አርጅቶ ነው ልጄ። ቆራሌው አሮጌ ዕቃ ሊገዛ ሲመጣ እሸጠዋለሁ።»

«የአባዬ ተረትስ?»

ሰው ከማይታይበት ጉም ውስጥ ድምፅ መጣ። «ቆራሌ…ውውው…»

ወለላ ዳንቴሉን በሁለት ጣቷ ገለጠችው። ትኩስ ትንፋሽ ፊቷን ላሳት።

ከላፕቶፑ ጎን ባሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች አንድ ግራጫ፣ ጸጉራም ነገር አጮልቆ ያያታል።

«ማነው እዚያ ውስጥ?»

እናቷ ጎንበስ ብላ አየችና ሳቀች። «አቧራ ነው። መተንፈሻው ተደፍኗል። እኛ ደግሞ እንዲያምር ዳንቴል አለበስነው፣ እንዲመቸው ትራስ ላይ አስተኛነው።»

«እኔን በጋቢ ብታፍኚኝስ?»

«አንቺማ በጩኸት ሰፈሩን ታፈርሺው ነበር።»

እናቷ ላፕቶፑን አጠፋችው። ገመዱን ነቀለች። እስኪበርድ ጠበቁ።

«ቆራሌ…ውውው…» ድምፁ ቀረበ።

ለስላሳ ብሩሽ አመጡ። ፍሽ፣ ፍሽ፣ ፍሽ። የወጣው አቧራ ድንች ቢዘሩበት አገር ያጠግባል። እናቷ ስታስነጥስ የጎረቤት ዶሮ ከቆጡ ወደቀች።

ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ከፈቱት። «ሆዱም በፎቶ ሞልቷል» አለች እናቷ። አንዷን ድመት አራት መቶ ጊዜ ፎቶ አንስተዋት ኖሯል። አንዱን ፎቶ አስቀርተው ሌላውን አጠፉት።

ኳ… ኳ… ኳ… በሩ ተንኳኳ።

«የሚሸጥ አሮጌ ዕቃ አለ?» አለ ድምፁ ከጉሙ ውስጥ።

ወለላ ፈጥና ተረቱን ነካችው።

«ጅቡም መጣ፣ ጭራውን እየጎተተ» አለ አባቷ፣ ጥርት ባለ ድምፅ።

እናቷ በሩን ገርበብ አደረገች። «የለም ወንድሜ። እኛ ቤት ያረጀ ነገር የለም።»

የቆራሌው እግር ጭቃውን እየረገጠ ራቀ። ቿ… ቿ… ቿ…

ከዚያ ወዲህ በየወሩ ብሩሹ ይወጣል፣ ፍሽ ፍሽ ይላል። ዳንቴሉን ላፕቶፑ ሲጠፋ ብቻ ነው የሚለብሰው።

ሲመሽ ወለላ አልጋዋ ላይ ሆና ታዳምጣለች። ጅቡ ይመጣል፣ ጅቡ ይሄዳል።

«ወለላዬ፣ ተኛሽ እንዴ?» ይላል አባቷ ከተረቱ መጨረሻ ላይ።

ወለላን ግን እንቅልፍ ከወሰዳት ቆይቷል።