በጠርዙ ላይ የቀረው ደም

ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ ብሎ የኖረው የነዳጅ ከበርቴ ሃርላን ቦግስ፣ ዳላስ ከተማ በተከራየው የሆቴል ክፍል ወለል ላይ ተደፍቶ ተገኘ። የነሐስ የጠረጴዛ መብራት ሰባት ጊዜ አርፎበት ጭንቅላቱ ደቋል፤ ደሙ ጣሪያ ድረስ ተረጭቷል። ከሁለት ሰዓት በፊት በጨረታ የገዛው ጥንታዊ የሃያ ዶላር የወርቅ ሳንቲም ግን ጠረጴዛው ላይ በሳጥኑ ውስጥ ተቀምጧል። በዓለም ላይ ከቀሩት ሦስቱ አንዱ ነው። የትኛውም ሌባ ሬሳውን ተራምዶ ያነሳው ነበር።

መርማሪ ሎሬታ ፓዲያ ስትደርስ የሟቹ የወንድም ልጅ ዱዌይን ካቴና ገብቶለታል። ሸሚዙ በደም ርሷል።

«አጎቴን ላነሳው ብዬ ነው!» አለ። «ክፉ ሰው ነበር፣ አልዋሽም። ወራሹም እኔ ነኝ። በቃ፣ የሞት መርፌ ልትወጉኝ ነው!»

«ሳንቲሙን ነካኸው?»

«ያንን ቢጫ አዝራር? ምን ያደርግልኛል! ለውሻው ነው የገዛው፤ በስቶ ሩፈስ አንገት ላይ ሊያንጠለጥለው። የሚበሳበት ድሪል ያውልሽ።»

ድሪሉ ወለሉ ላይ ወድቋል፤ የሚበሳውን ዕቃ ቆንጥጦ እንዲይዝ ጠረጴዛው ላይ የተገጠመው የብረት ማሰሪያ ባዶ ነው። ሎሬታ ሳንቲሙን ብርሃን ላይ አገላበጠችው። ሁለቱም ፊቶቹ ንጹሕ ናቸው። በጠርዙ ጥርሶች መካከል ግን ደም ደርቋል።

ጨረታውን የመሩት ሚስዝ ፕሩት ተጠሩ።

«ሊበሳው መሆኑን ያውቁ ነበር?»

«አዳራሹ ሁሉ ሰምቷል። ማይክሮፎኔን ነጥቆ ነው የፎከረው! እኔ ምን አገባኝ፣ የተሸጠ ዕቃ የገዢው ነው።»

ለጨረታው ሳንቲሞቹን የመረመሩት ሽማግሌው ላይማን ኦስጉድ ደግሞ «ምሳ ላይ ነበርኩ» ብቻ አሉ። ዓይናቸው ከሳጥኑ አልተነቀለም።

ሬሳው ከተነሳ በኋላ ሎሬታ ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ገዳዩ በደም በታጠበ እጁ ሳንቲሙን ከማሰሪያው ፈትቶ ወደ ሳጥኑ መልሷል» አለች። «ፊቱ ላይ ግን ጠብታ የለም። ዱዌይን፣ ያዝ!»

ከኪሷ አንድ ሳንቲም ወረወረችለት። በታሰሩ እጆቹ ቀልቦ ጨበጠው።

«እንዲህ የሚይዝ ሰው ሁለቱንም ፊት ያጨቀየው ነበር። ይሄኛው ሰው እየገደለ እንኳ በጠርዙ መያዝን ያልረሳ ነው።»

«እኔንም መጠርጠርሽ ነው?» አሉ ሚስዝ ፕሩት።

«እርስዎንም። አሁን ይለያል።»

ወርቁን ማሰሪያው ውስጥ አጥብቃ ድሪሉን አስነሳች። ሚስዝ ፕሩት ዓይናቸውን ጨፈኑ እንጂ ንቅንቅ አላሉም። ላይማን ግን አጠገባቸው የቆመውን ፖሊስ ገፍትረው ሎሬታን በክርናቸው ደረቷን መቷት።

«ተይ! አንቺም እንደሱ?»

ወርቁን ፈትተው በሁለት ጣታቸው ጠርዙን ይዘው አነሱት። ሎሬታ ጣቶቻቸውን አየች። ያኔ ያደረጉትን አወቁ።

«ከመቶ ዓመት በላይ ጭረት ሳይነካው ኖረ» አሉ። «ተንበርክኬ ለመንኩት። ሳቀብኝና ድሪሉን አስነሳ።»

«አንድ ምት አይበቃውም ነበር?»

«ድሪሉን አልለቅም አለኛ!»

ካቴናው ወደ ሽማግሌው እጅ ዞረ። ዱዌይን አንጓውን እያሻሸ ወርቁን ለመጀመሪያ ጊዜ ልብ ብሎ አየው።

«ፍርድ ቤቱ ሲጨርስ ለእኔ ነው የሚመለሰው፣ አይደል?»

«ለወራሹ ነው።»

«እንግዲያው ድሪሉንም አስቀምጡልኝ። ውሻው ሩፈስ ምን አጠፋ?»

ላይማን ደሙ ገና ያልደረቀው ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው እንደ ልጅ አለቀሱ።