ይስማው ያስቀባት መኪና

ይህን የምጽፈው ሰው ላስፈራራ ብዬ አይደለም። የሆነ ነገር ነው።

የሆነውም በቀን ነው... ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ከዳባት ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ። ጨለማ የለበትም፣ ጅብ የለበትም፣ መቃብር ቤት የለበትም። ያለበት አንድ አሮጌ መኪና ብቻ ነው።

ማመን የማይፈልግ መብቱ ነው። እኔም ባላምን ደስ ይለኝ ነበር።

ሰውዬው ይስማው ይባላል። ጎረቤቴ ነው። ቱሪስት ወደ ተራራው ፓርክ፣ ወደ ሳንቃ በር ሲያመላልስ የኖረ ሾፌር ነው፤ ያውም በሰው መኪና። ታሪኩን የነገረኝ ራሱ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ነገረኝ፤ ሁለተኛ እንዳትጠይቀኝ አለኝ። እኔም አልጠየቅኩትም።

ይስማውና ሚስቱ ዙፋን ያለቻቸው አንዲት ልጅ ናት። ጤናዬ። ስሟን ሲያወጡላት አላወቁም... ልጅቷ የልብ ሕመምተኛ ሆነች። ትንሽ ስትራመድ ከንፈሯ ይጠቁራል። በየጊዜው ጎንደር ሄዳ ሐኪም ማየት አለባት፤ አውቶቡስ ውስጥ ደግሞ ሰው ሲጨናነቅ አየር አጥሯት ራሷን ስታ ታውቃለች።

ይስማው የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ልጁን በሰላም ወስዳ በሰላም የምትመልስ፣ የራሱ የሆነች መኪና።

ገዛ።

ጎንደር ውስጥ፣ ከአንድ ዝምተኛ ሰውዬ ነው የገዛት። ክሬም ቀለም ያላት፣ ከፍ ያለች አሮጌ ፎር ዊል ናት። አካሏ ተጎሳቁሏል፣ ሞተሯ ግን ምንም አይወጣለትም። ሻጩ ቁልፉን ሲሰጠው አንድ ነገር ብቻ ጠየቀው።

"የየት አገር ሰው ነህ?"

"ደባርቅ።"

ሰውዬው ቁልፉን መልሶ ሊቀበለው እጁን ዘርግቶ ነበር... ከዚያ ተወው።

ይስማው ደስ ብሎት ስለነበር ልብ አላለውም። መሪውን ጨብጦ ወደ አገሩ ጉዞ ጀመረ።

አምባ ጊዮርጊስን እንዳለፈ አንድ ገበሬ ባርኔጣውን አወለቀ። ይስማው ሰላምታ መስሎት እጁን አወዛወዘ። ገበሬው ግን እሱን አላየውም። የሚያየው የመኪናዋን ጀርባ ነበር።

ትንሽ ሄድ እንዳለ ሌላውም አወለቀ። ሌላውም...

ዳባት ላይ ሻይ ሊጠጣ ቆመ። ገና ከመኪናው ሳይወርድ፣ አንዲት ሴት የተሸከመችውን መሬት ላይ ጥላ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። እየሮጠች መጥታ የኋላውን መስታወት በሁለት እጇ ያዘች።

"የማን ነው?" አለችው በሹክሹክታ።

"ምኑ?"

"ንገረኝ ወንድም ዓለም... የማን ነው? ወደ የትኛው ደብር ነው?"

ይስማው ግራ ገብቶት የኋላውን በር ከፈተላት። ባዶ ነው። ሴትዮዋ ባዶ መሆኑን ስታይ ትረጋጋለች ብሎ ነበር፤ እሷ ግን ይበልጥ ፈራች። አንዴ ባዶውን ወንበር፣ አንዴ እሱን እያየች ወደ ኋላዋ አፈገፈገች።

ሻዩ ቀረ።

ነገሩን የገለጡለት የነፍስ አባቱ አባ ሰይፈ ሥላሴ ናቸው። መኪናዋን ጠበል እንዲረጩለት አስጠርቷቸው መጡና ከግቢው በር ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ። ያቺ መኪና ሰው በጅምላ ባለቀበት በክፉው ዓመትም ከዚያም በኋላ ከጎንደር አስከሬን እየጫነች ወደየደብሩ ስታደርስ የኖረች ናት አሉት። ይስማው ከቱሪስት ጋር ተራራ ላይ ሲውል አላያትም እንጂ ከዳባት እስከ ዛሪማ የማያውቃት ቤት የለም። ገና ከሩቅ ስትታይ፣ ማን እንደሞተ ሳይታወቅ፣ ለቅሶ ይጀመራል።

ይስማው ተናደደ። "ብረት አይደለች ወይ አባ? እሷ ምን አጠፋች?"

"ብረት ናት ልጄ። ጥፋትም የለባት። ነገር ግን ወደዚህ አገር ባዶዋን መጥታ አታውቅም።"

"ይኸው ዛሬ ባዶዋን አመጣኋት።"

አባ ሰይፈ ሥላሴ አሻግረው የኋላውን በር አዩ።

"እንግዲያማ መንገዷን ገና አልጨረሰችም" አሉት።

ጠበሉን ረጩ፣ አሳልመውት ሄዱ። ጸሎታቸውን ግን ከወትሮው አፍጥነውት ነበር ይላል ይስማው።

እኔ ብሆን በነጋታው እሸጣት ነበር። ሾፌር ግን ግትር ነው፤ ሾፌር የሆናችሁ ይቅር በሉኝ። ይስማው ሰው የሚያውቀው መልኳን ነው አለ። መልኳ ከተቀየረ ማን ያውቃታል? ዙፋን እንኳ አቅማምታ ነበር፤ የልጅቷ ቀጠሮ እየቀረበ ስለመጣ ግን ተስማማች።

ወደ ደርቤ ጋራዥ ወሰዳት። ደርቤ ደባርቅ ውስጥ የተጨማደደ መኪና አቃንቶ እንደ አዲስ የሚቀባ የታወቀ ባለሙያ ነው። ጎድጓዳውን በስቱኮ ደፈነ፣ የዛገውን ቆርጦ በየደ፣ ከዚያ አሮጌውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ይፍቅ ጀመር።

ክሬሙ ሲነሣ ከስሩ ነጭ ወጣ።

ነጩ ሲነሣ ሰማያዊ...

ሰማያዊው ሲነሣ ደግሞ ግራጫ።

ደርቤ ፍቆ ፍቆ ቆመ። አቧራውን ከፊቱ ጠርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ጋሼ... ከእኛ በፊትም ሰው ሞክሯል።"

"ምን?"

"መልኳን ለመቀየር ነዋ።"

ይስማው ዝም ብለህ ሥራህን ሥራ አለው።

ምንጣፏ ሲነሣ ወለሉ ላይ የጧፍ ሰም ደርቋል። ደርቤ በቢላዋ ፋቀው፣ በቤንዚን አጠበው። በማግስቱ ጋራዡን ሲከፍት እዚያው ቦታ ላይ ሰም አገኘ። ያኔ ለይስማው አልነገረውም፤ ዝም ብሎ እንደገና ፋቀ። የነገረው በኋላ ነው፣ ምንም ላይጠቅም።

ስታልቅ ግን... እግዜር ያሳያችሁ፣ ሙሽራ መስላ ወጣች። ጥቁር አረንጓዴ ቀለም፣ አዲስ የፊት መብራት፣ የዘመኑን ሞዴል የመሰለ የፊት ገጽ፣ ጥቁር የቆዳ ወንበር። ጣሪያዋ ላይ የነበረው የዕቃ መጫኛም ተነቀለ። የሰፈር ሰው አዲስ ገዛህ ወይ እያለ እንኳን ደስ አለህ አለው። እኔም ብያለሁ።

ለሙከራ ዳባት ድረስ ነዳት። ማንም ባርኔጣ አላወለቀም። ያቺ ሴትዮ እንኳ ከመንገድ ዳር ቆማ ነበር፤ አየት አደረገቻትና ፊቷን አዞረች። ይስማው ብቻውን መኪና ውስጥ ሳቀ።

ሲመለስ ግን ከመንገድ ዳር ካለ ቤተ ክርስቲያን አጥር ስር የሚቀመጥ አንድ ዓይነ ስውር ነበር። መኪናዋ ስታልፍ ተነሣ። ቆቡን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘ።

ዓይነ ስውር ነው... ቀለም አያይም።

ይስማው ድምጿን ለይቷት ነው ብሎ ራሱን አጽናና። በማግስቱ የጭስ ማውጫዋን፣ ማርሚታዋን አስቀየረ። ክላክሷንም አስቀየረ። ደግሞ በዚያው መንገድ ሲያልፍ ሰውዬው ቀና አላለም። አሁን ጨረስኩ አለ ይስማው።

የጤናዬ ቀጠሮ ደረሰ።

አባትና ልጅ ጎንደር ሄዱ፤ ሐኪሙ መርምሯት መድኃኒቱ እየሠራላት ነው አለ። ሙቀቷም፣ ትንፋሿም ጥሩ ነው። ብቻ ዳገት እንዳትወጣ አደራ አለው።

ይስማው እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም። ከእሱ አጠገብ ከፊት አስቀምጧት ሲመለሱ ጤናዬ አዲሱን ወንበር እየዳበሰች፣ ትምህርት ቤት በዚች መኪና ታደርሰኛለህ ወይ እያለች ትለፈልፍ ነበር። ከንፈሯ ቀልቷል። ይህን ሲነግረኝ ደጋግሞታል፤ ከንፈሯ ቀልቶ ነበር።

ከአምባ ጊዮርጊስ በኋላ ጉም ወረደ። ካፊያም ጀመረ።

ዳባት ገቡ።

መጀመሪያ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣውን አወለቀ...

ይስማው አይቶ እንዳላየ ሆነ።

ከዚያ የሻይ ቤቱ ሰዎች አንድ በአንድ ከወንበራቸው ተነሡ። ጣሪያ ላይ ሚስማር ይመታ የነበረ ሰው መምታቱን አቆመ። መንገዱ ግራና ቀኝ በቆሙ ሰዎች ተሞላ፤ ሁሉም ጸጥ ብለዋል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል።

"አባባ... ምን ሆነው ነው?"

"ምንም። መስኮቱን ዝጊ።"

"ለምን እኔን ያዩኛል?"

እስከዚያ ቀን ድረስ ሰዉ የሚያየው የመኪናዋን ጀርባ ነበር። አሁን ግን ማንም ወደ ኋላ አላየም። የሚያዩት ከፊት የተቀመጠችውን ልጅ ነው።

ያቺ ሴትዮ ከሕዝቡ መካከል ወጥታ ከመስታወቱ ጎን ተራመደች። ጤናዬን ትኩር ብላ አየቻት። "እኔን... እኔ ልደፋ፣ እንዴት ያለች ቆንጆ ናት" አለች። ደረቷንም መታች።

ይስማው ነዳጁን ረገጠ።

ከከተማው ከወጡ በኋላም ነዳጁን አልለቀቀም። የአባ ሰይፈ ሥላሴ ቃል ጆሮው ላይ ይጮኽበታል። ባዶዋን መጥታ አታውቅም... ደባርቅ ሊገቡ ትንሽ ሲቀራቸው፣ ከመንገዱ ዳር አቆማትና ሞተሩን አጠፋ።

ባዶዋን ትገባለች አለ በልቡ። ልጄን ተሸክሜ በእግሬ እገባለሁ፤ መኪናዋን ነገ ብቻዬን መጥቼ እወስዳታለሁ።

ባጃጅ ቢጠብቅ በዚያ ካፊያ አንድም የለም። አውቶቡስ ቢመጣም ሞልቶ አለፈ። በአስፋልቱ መሄድ ሩቅ ነው፤ በባሕር ዛፉ መካከል የምታቋርጥ የእግር መንገድ አለች፣ ዳገቷን ካለፉ ቤታቸው ይታያል። በሮቹን ሁሉ ቆለፈ፣ ቁልፉን ኪሱ ከተተ፣ ጤናዬን አዘላት።

እናንተ አሁን ምን እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔም ያኔ አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ግን ሰው ልጁን ሊያድን ሲሮጥ ሐኪም ያለውን የት ያስታውሳል?

ግማሽ መንገድ ላይ ጭቃው አንሸራቶት በጉልበቱ ወደቀ። ጤናዬ ከጀርባው ወረደች። ደህና ነኝ፣ ራሴ እሄዳለሁ አለችው። እጇን ይዞ ወጡ። ትንሽ ይወጣሉ፣ ይቆማሉ። ትንሽ ይወጣሉ...

"አባባ" አለችው። "ትንሽ እንረፍ።"

"ቤታችን ደረስን እኮ። ይኸው ጣሪያው ይታያል።"

"እሺ... ግን ትንሽ።"

አንድ ባሕር ዛፍ ተደግፋ ቁጭ አለች። ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር። ይስማው ጋቢውን አልብሶ እጇን ሲያሻሽ፣ ስሟን ሲጠራ፣ መልሳ ሲጠራ... ካፊያው ፊቷ ላይ ሲያርፍ ዓይኗን አላርገበገበችም።

አልጮኸም። አቅፏት ቁልቁል ሮጠ። ወደ ሆስፒታል ልመልሳት ብሎ ነው የሮጠው፤ መንገድ ላይ ግን ቀዘቀዘችበት።

መኪናዋ ባቆማት ቦታ ቆማለች።

ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነው። የኋላው በር ግን ወለል ብሎ ተከፍቷል። አዲሱ የቆዳ ወንበር ተጣጥፎ፣ ለአንድ ሰው መጋደሚያ የሚበቃ ቦታ ተስተካክሏል።

ይስማው ሌላ የሚያደርገው ነገር አልነበረውም። አስተኛት። በጋቢው ሸፈናት። በሩን ዘጋ።

ወደ ደባርቅ ሲገባ ለቅሶውን ጠበቀ። ባርኔጣ የሚያወልቁትን ጠበቀ። ማንም ቀና አላለም። ኳስ የሚጫወቱ ልጆች መንገድ ለቀው አሳለፉት። አንድ የሚያውቀው ሾፌር በመስኮት ብቅ ብሎ መኪናህ እንዴት አምራለች አለው። ቀለሙ ያን ቀን ሠርቷል።

ግቢው በር ላይ ቆመ። ከመሪው ላይ እጁን ማንሣት አልቻለም።

ዙፋን ወጣች። እየሳቀች ነው።

"ምነው ልጅቷን በዚህ ዝናብ ብቻዋን በእግሯ ላክሃት?" አለችው። "ገብታ ተኝታለች። ደክሞኛል አለችኝ።"

ይስማው በእናቲቱ ትከሻ ላይ አሻግሮ ወደ ቤቱ በር አየ። የጤናዬ ጫማ ደፉ ላይ ተቀምጧል። ጭቃው ገና እርጥብ ነው።

ቀስ ብሎ ከመኪናው ወረደ። ወደ ኋላ ዞረ። በመስታወቱ ሲያይ ከጋቢው ስር የወጡት እግሮች ጫማ የላቸውም።

"ጤናዬ!" አለች ዙፋን ወደ ቤቱ ዞራ። "ተነሺ፣ አባትሽ መጣ።"

ከውስጥ አልጋው ሲንቋቋ ተሰማ... ሰው ሲነሣ እንደሚያሰማው።

ይስማው መዳፉን የመኪናዋ የኋላ በር ላይ አሳርፎ፣ እንዳይከፈት ተጭኖ ያዘው።