ጎጆ የወጣው ሰርቨር

የኮምፒውተር ባለሙያው ምንተስኖት የሞተው መሐል ሜዳ ከተማ፣ በአንድ የመሬት ጽሕፈት ቤት ውስጥ፣ መዝገቡን ሁሉ የያዘው ሰርቨር ባለበት ክፍል ነው። ጠዋት በሩን የከፈተው ዘበኛ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ አገኘው። እግሩ ሥር የከሰል ማንደጃ አለ፤ ብቸኛው መስኮት በገዛ ባናው፣ በሱፍ ብርድ ልብሱ፣ ተወትፏል። ታኅሣሥ ነው፤ የመንዝ ውርጭ ደግሞ ሲይዝ አይምርም። «በረደው፣ ከሰል አነደደ፣ ጭሱ ገደለው» ተባለና አለቀ። የሚጠበቅለት ዘመድም ስለሌለው ከቀትር በኋላ ሊቀብሩት ተስማሙ።

ኢንስፔክተር ጥሩሸዋ ፊርማዋን ብቻ ነበር የተጠየቀችው። ከደብረ ብርሃን ተዛውራ ከመጣች ወዲህ የኪራይ ቤቷን በር ያንኳኳ ቢኖር ነፋስ ነው፤ ብቻውን የሞተ ሰው ሲባል ብዕሯን መልሳ አስቀመጠች። አልፈርምም አላለችም፤ «ቆይ እስቲ ልየው» አለች።

ደጁ ላይ አንዲት አሮጊት ኩርምት ብለው ተቀምጠዋል።

«እማማ፣ ማንን ይጠብቃሉ?»

«ምንተስኖትን ነዋ ልጄ! ጌታነሽ እባላለሁ። ‹የገብስ ማሳዎ በማያውቁት ሰው ስም ገብቷል፤ ነገ ይምጡ፣ አስተካክላለሁ› ብሎኝ ነበር። ያለዚያች ማሳ ምን አለኝ? አሁን ሞተ ይሉኛል!»

ጥሩሸዋ ውስጥ ገብታ ጠረጴዛውን ጎንበስ ብላ አየች። የአረቄ መለኪያው አንድ ነው፤ በአቧራው ላይ የታተመው የመለኪያ ክብ ግን ሁለት። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አለች ለራሷ።

መጀመሪያ ያነጋገረችው መረጃ የምታስገባውን ወሰንየለሽን ነው። ልጅቷ ዓይኗ በለቅሶ ቀልቷል።

«ምንተስኖት ብርድ ይፈራ ነበር?»

«ኧረ እሱ! መስኮቱ ተዘግቶ አያውቅም። ‹ሰርቨሩ ሙቀት አይችልም፤ እኔ ባና አለኝ› እያለ እኛንም ሲያንቀጠቅጠን ነው የኖረው።»

«ይጠጣል?»

«ከሰው ጋር ከሆነ። ሰው ደግሞ ከየት አምጥቶ?» ብላ አፍንጫዋን ጠረገች። «ሰርቨሩም ባዶ ነው እኮ፤ ጠዋት የእሱ ኮምፒውተር ክፍት ነበር፣ ሳየው ሁሉም ተደምስሷል። ዞን መሥሪያ ቤት ያለውን ቅጂ አምጥተን እንመልሳለን።»

«የእማማ ጌታነሽ ማሳ በዚያ ቅጂ ላይ በማን ስም ነው?»

«በሌላ ሰው። የገባውም በእኔ የይለፍ ቃል ነው አሉኝ የዞን ሰዎች፤ እኔ ግን በልጄ እምላለሁ፣ አልነካሁም!»

ኮምፒውተር ጠጋኙ ዓብዱረህማን ከሱቁ ተጠርቶ መጣ። የእማማ ጌታነሽ ማሳ የአዲሱ መንገድ ዳር ናትና ለመግዛት ጠይቆ እንደነበር ከተማው ያውቃል።

«ጠይቄያለሁ፤ እምቢ አሉኝ፤ ተውኩት። የሰው መሬት በግድ ይወሰዳል እንዴ?» አለ። «ምንተስኖት ግን ትናንት ከእኔ የመቅጃ ዲስክ ገዝቷል። ‹ቅጂው በኔትወርክ ራሱ ዞን ይሄድ የለ፣ ምን ሊያደርግልህ ነው?› ስለው ሳቀብኝ።»

ዲስኩ በክፍሉ ውስጥ የለም።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ትዕዛዙ ሻይ አዘው ተቀበሏት።

«እኔ ትናንት ከማለዳ ጀምሮ ዘመሮ ከተማ ስብሰባ ላይ ነበርኩ፤ የተመለስኩት ዛሬ ጠዋት ነው። ምንተስኖትን ካነጋገርኩት ሳምንት ሆነኝ፤ ነፍሱን ይማረው።»

«ስለ ሰርቨሩስ?»

«እኔ ማህተምና ፊርማ ነው የማውቀው» ብለው ሳቁ።

ጥሩሸዋ ከግቢው ወጥታ ዞን ላለችው ባለሙያ፣ ለአማከለች ደወለች።

«ትናንት አመሻሽ ላይ ደውሎልኝ ነበር» አለች አማከለች። «ሰርቨሩን ከዞኑ ዶሜይን አወጣሁት አለኝ።»

«ለእኔ በሚገባኝ አማርኛ ንገሪኝ።»

«ዶሜይኑን እንደ አንድ ግቢ ቁጠሪው። የግቢው ሰው በአንድ የይለፍ ቃል የትም ይገባል፤ የዳታቤዙም ቅጂ ማታ ማታ ራሱ ወደእኛ ይመጣል፤ የመጣው የቀደመውን ይደመስሰዋል። ምንተስኖት ሰው በዚያ በር ገብቶ መሬት እንደነካ ጠረጠረ። ስለዚህ ሰርቨሩን ጎጆ አስወጣው። ከዚያ ወዲያ ከራሱ ከምንተስኖት በቀር ማንንም አያውቅም፤ በእጅ ካልተቀዳም ቅጂው የትም አይሄድም። ማን ምን እንደነካ የሚናገረውን መዝገብም አብሬ እቀዳለሁ ብሎኛል።»

«ይህን ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም! ‹እስከ ነገ በሆድሽ ያዢው› ብሎኝ የለ?»

ቀብሩ ሳይደርስ ጥሩሸዋ ሁሉንም በሰርቨሩ ክፍል ሰበሰበች። እማማ ጌታነሽም ጥግ ይዘው ተቀመጡ።

«ደስ የሚል ወሬ አለኝ» አለች። «ምንተስኖት ትናንት ማታ ቅጂውን፣ ማን እንደነካው ከሚናገረው መዝገብ ጋር፣ በኔትወርክ ወደ ዞን ልኮታል። ነገ ተከፍቶ ይታያል።»

ወሰንየለሽ «ተመስገን!» ብላ አማተበች። ዓብዱረህማን «አልሐምዱሊላህ» አለ። አቶ ትዕዛዙ ግን ፈገግ አሉ።

«ተሳስተሻል ልጄ። ሰርቨሩ ከዶሜይኑ ወጥቷል እኮ፤ በምን መንገድ ይሄዳል?»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

«ትክክል ነዎት፤ አልሄደም» አለች ጥሩሸዋ። «ሰርቨሩ የወጣው ግን ትናንት አመሻሽ ላይ ነው። ከእሱ ጋር በየቀኑ የምትሠራው ወሰንየለሽ አታውቅም። ዲስኩን የሸጠው ዓብዱረህማን አያውቅም። ዘመሮ ያደሩት እርስዎ እንዴት አወቁ?»

አቶ ትዕዛዙ ወደ በሩ ተመለከቱ።

«እኔ ልንገርዎ። ማታ አረቄ ይዘው መጡ። ሰው ናፍቆት ነበርና ደስ አለው። ወሰንየለሽን ስለጠረጠረ፣ አለቃዬ ናቸው ብሎ ሁሉንም አጫወተዎ፤ ዲስኩንም ጭምር። እንቅልፍ ሲጥለው ከተኛው ዘበኛ ጎጆ ማንደጃ አመጡ፤ ባናውን ከላዩ ገፈው መስኮቱን ወተፉ። ክፍት በነበረው ኮምፒውተሩ ሰርቨሩን ደምስሰው፣ ዲስኩንና የራስዎን መለኪያ ይዘው ወጡ። አንድ ነገር ግን አላወቁም፤ ምንተስኖት ራሱ ይበርደው እንደሆነ እንጂ ሰርቨሩ ባለበት ክፍል እሳት አያስገባም።»

«ማስረጃሽ የት አለ?» ብለው ጮኹ። «ዲስክ አላችሁ? ቅጂ አላችሁ? ምንም የላችሁም!»

ያን ጊዜ እማማ ጌታነሽ እጃቸውን ወደ አንገታቸው ሰደዱ። ከማተባቸው ጋር የታሰረች ትንሽ ፍላሽ አወጡ።

«ትናንት ሲሸኘኝ አሰረልኝ። ‹አንድ ቅጂ ቅጂ አይባልም እማማ፤ ይቺ አደራ ከአንገትዎ አትውጣ› አለኝ። ክታብ መስላኝ ነበር።»

ወሰንየለሽ ፍላሿን በሌላ ኮምፒውተር ከፈተች። ማሳው በእማማ ጌታነሽ ስም እንደነበረ ይታያል። የተቀየረው በወሰንየለሽ የይለፍ ቃል ነው፤ እሷ ልጇን ክርስትና ባስነሳችበት ቀን፣ ከኃላፊው ኮምፒውተር። አቶ ትዕዛዙ ወንበሩ ላይ ዘፍ አሉ። ፖሊሶች ሲወስዷቸው ማንንም ቀና ብለው አላዩም።

ሰው ሁሉ ሲወጣ ጥሩሸዋ ባናውን ከመስኮቱ ነቀለች። ውርጩ ግልብጥ ብሎ ገባ። አሮጊቷ ከቦታቸው አልተነሱም።

«ማሳዎ ተመልሷል እኮ እማማ፤ ወደ ቤትዎ ይግቡ።»

«አደራ በላ ልባል ነው? አደራውን ለማን ልመልስ? ዘመድ የለውም ትላላችሁ።»

ጥሩሸዋ ባናውን አራግፋ በክንዷ ላይ አጠፈችው።

«እንግዲያ እኔው ነኝ ዘመዱ» አሉ እማማ ጌታነሽ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ። «አልቃሽ የለውም ከተባለ እኔ አለቅስለታለሁ። አንቺስ፣ ሰው አለሽ?»

«የለኝም» አለች ጥሩሸዋ።

«በይ ነዪ፤ ደግፊኝ።»

ባናውን በአሮጊቷ ትከሻ ላይ ጣል አደረገችላቸውና ተያይዘው ወደ ቀብሩ ወረዱ።