ቀድማኝ የገባችው

ይሄ በእኔ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። አላምንም የሚል አይመን... እኔ ግን ዛሬም ድረስ ለማላውቀው ሰው ስሜን አልናገርም።

ጊዜው 1976 ዓ.ም.፣ ወሩ ኅዳር፣ አገሩ ጅማ።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው። ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ፀሐይዋ ፍጥጥ ብላ ወጥታለች።

ቡና ከምለቅምበት መጋዘን በር ስደርስ ዘበኛው ጋሽ መሐሙድ እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙኝ።

"ወዴት ነው?"

"ወደ ሥራ ነዋ፣ ጋሽ መሐሙድ!"

"ማን ልበል?"

የሚቀልዱ መስሎኝ ሳቅኩ። "ያለምወርቅ ነኛ!"

እሳቸው አልሳቁም።

"ያለምወርቅማ ገብታለች።"

"እኔ እዚህ ቆሜ?"

"ወላሂ፣ መታወቂያዋን አይቼ ነው ያስገባኋት።"

በየቀኑ "ነይ ልጄ" እያሉ የሚያስገቡኝ ሰው ፊቴን እንደ መንገደኛ ፊት ያዩታል...

ተናድጄ መታወቂያዬን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ስሜ አለ። የማኅተሙ ግማሽ አለ።

ፎቶው ግን... የለም።

ቦታው ላይ የደረቀ ሙጫ ብቻ።

ያኔ የትናንትናዋ ሴት ትዝ አለችኝ። በቀበሌው ሱቅ ለስኳር ተሰልፈን ከኋላዬ ነበረች።

"ፎቶሽ እንዴት ያምራል! እስቲ ልየው..."

ሰጠኋት። እያገላበጠች ወሬ ጀመረች። እናትሽ የት ናት? አሰንዳቦ የት ጋ? ምን ብላ ነው የምትጠራሽ?

"ያለሜ" አልኳት።

"ያለሜ..." አለች ቀስ ብላ። ልክ እንደሚለማመድ ሰው።

ፊቷ ምን ይመስል ነበር ብትሉኝ... አላውቀውም።

በሩ ላይ እስከ ምሳ ሰዓት ተገተርኩ። ለቃሚዎቹ ሲወጡ አንድ በአንድ አየኋቸው። ሀዋ ወጣች፤ ሁሌ ከጎኔ ተቀምጣ የምትለቅመው ሀዋ።

"ሀዋ! ንገሪያቸው እስቲ!"

ወደ ኋላ አፈገፈገች።

"ያለምን ከሆነ የፈለግሽው... እናቷ ታማባት አስፈቅዳ በጓሮ በር ወጣች። ወደ አሰንዳቦ።"

"እኔ ነኝ ያለም!"

ሀዋ ነጠላዋን ሰብስባ እየሮጠች ሄደች።

ወደ ቀበሌ በረርኩ። ያለ ይለፍ ወረቀት ከከተማ መውጣት አይቻልም። ጸሐፊው ቀና ብሎም አላየኝ።

"ጓድ ያለምወርቅ ይለፏን ወስዳለች።"

"እሷ ሌባ ናት! ስሜን ሰርቃ ነው!"

"መታወቂያሽን አምጪ።"

"እሱን እኮ ነው ያበላሸችብኝ!"

"እንግዲያው ማን መሆንሽን በምን አውቃለሁ?"

"ጠይቀኝ! የአባቴን ስም፣ የተወለድኩበትን..."

"እሷም ነግራኛለች። ቀጣይ!"

ጠረጴዛውን በጡጫ መታሁት። አብዮት ጠባቂዎቹ ክንዴን ይዘው አስወጡኝ።

እናቴ ብቻዋን ናት። ዓይኗም ደክሟል።

አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ለምኜ ተሳፈርኩ። ኬላው ጋ ሳንደርስ ወርጄ በማሳ ውስጥ ዞርኩ፤ ሹፌሩ ማዶ ጠበቀኝ። አሰንዳቦ ስገባ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም።

እናቴ ደጃፍ ላይ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣለች። ደህና ናት! ጣቶቿ በቅቤ ወዝተዋል።

"እማዬ!"

"ነይ ቁጭ በይ፣ ያለሜ" አለችኝ ቆጣ ብላ። "ግማሹን ሠርቼልሽ የት ጠፋሽ?"

"ምኑን?"

"ጸጉርሽን ነዋ!"

እግሯ ሥር ቁጭ አልኩ። ጣቶቿ ጭንቅላቴን ዳበሱ፣ ዳበሱ... ቆሙ።

"ምነው... ፈታሽው እንዴ?"

"እማዬ" አልኩ በሹክሹክታ። "እኔ አሁን መድረሴ ነው።"

"ምን ትያለሽ? ውሃ ጠማኝ ብለሽ አሁን አይደል ወደ ጓሮ የዞርሽው?"

"እማዬ... ድምፅሽን ቀንሺ። ቤት እንግባ..."

ከጓሮ የደረቀው በቆሎ ተንኮሻኮሸ።

አንዲት ሴት የውሃ ጣሳ ይዛ ብቅ አለች።

ግማሽ ጭንቅላቷ ሹሩባ ተሠርቷል። ግማሹ ተበትኖ ሚዶው እንደተሰካበት ነው።

ፊቷ... የእኔ ፊት።

አልደነገጠችም። አልሸሸችም። እኔ ቀኑን ሙሉ እንደመረረኝ ሁሉ እሷም ስታየኝ መረራት፤ ከንፈሯ በንዴት ይንቀጠቀጣል።

"እማዬ..." አለች፣ በገዛ ድምፄ። "ይቺ ሴትዮ ከጠዋት ጀምሮ እየተከተለችኝ ነው።"

እናቴ እጇን ከጭንቅላቴ ላይ ቀስ ብላ አነሳች...