ስልክ የማይሰራበት ቤት

ካሜራማኑ በገዛ ሳሎኑ ወለል ላይ በጀርባው ተዘርግቶ ተገኘ። መሰላሉ አጠገቡ ወድቋል። አዲሱ ራውተር ከራስጌው ተሰባብሯል።

«ግድግዳ ላይ ሊሰቅለው ሲል ወድቋል» አለ መርማሪው። «አደጋ ነው፣ እህቴ። እግዜር ያጽናሽ።»

እህቱ ልብስ ሰፊ ናት። ጠዋት በሩን ከፍታ ያገኘችውም እሷ ናት። አላለቀሰችም። እንባዋን ለሌላ ቀን አስቀመጠችው።

«አልወደቀም።»

«እንዴት አወቅሽ?»

«ይሄ የድንጋይ ግድግዳ ኔትወርክ አያስገባም። ወንድሜ ስልክ ለማውራት በዝናብም ቢሆን ደጅ ነበር የሚወጣው። ራውተሩን የገዛው ለዚሁ ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ እዚህ ሶፋ ላይ ተጋድሞ በኢንተርኔት ደወለልኝ። ‹ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀመጥኩት፣ መብራቶቹ ሁሉ በርተዋል፣ በቃ ተገላገልኩ› አለኝ። የሚሰራ ነገር አውርዶ መሰላል ላይ የሚንጠላጠል ማን ነው?»

መርማሪው ቀና አለ። የራውተሩ ገመድ አሁንም ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ተንጠልጥሏል። መሰላሉ ወደነበረበት ግድግዳ ቢጎትቱት እንኳ አይደርስም።

መሰላሉ የጎረቤት ነበር። ጎረቤትየው ጡረታ የወጣ ሾፌር ነው። ከሟቹ ጋር በአጥር ጉዳይ ሲነታረክ ኖሯል።

«መሰላሉ የእርስዎ ነው፣ ጋሼ?»

«የእኔ ነው። ደጅ ስለማቆመው ያገኘ ሁሉ ያነሳዋል። የሚመልስ ግን አይቼ አላውቅም።»

«ትጣሉ ነበር አሉ።»

«እንጣላለን እንጂ! አሁንስ ከማን ጋር ልጣላ ነው?» የሽማግሌው ድምፅ ተሰበረ።

ከሁሉ በላይ ያለቀሰው ግን የሟቹ የስቱዲዮ ሸሪክ ነበር።

«እዚህ ቤት ለመጨረሻ ጊዜ የመጡት መቼ ነው?»

«ኧረ ከስንት ወር በፊት! የምንገናኘው ስቱዲዮ ነው። ወንድሜ ነበር እኮ!»

«ወንድሜ» የምትለዋ ቃል የልብስ ሰፊዋን ጆሮ እንደ መርፌ ወጋችው።

ከቀብሩ በኋላ ሌላ ራውተር ገዛች። ወንድሟ በስልክ የነገራትን ስምና ፓስወርድ አንድም ሳታዛንፍ ሞላች። የዋይፋዩ ስም «ጎረቤት አይንካ» ነው። ፓስወርዱ በልጅነቷ ያወጣላት ቅጽል ስም ከልደት ዓመቷ ጋር ነው። «ካንቺ በቀር የሚያውቀው የለም» ብሏት ነበር።

«ያኛው ራውተር የሰራው ለዚያች ከሰዓት ብቻ ነው» አለችው መርማሪውን። «ያን ቀን እዚህ ሆኖ ዋይፋዩን የተጠቀመ ሰው ካለ፣ ስልኩ አዲሱም የድሮው ይመስለዋል። ሳይጠየቅ ይገባል።»

«ካልገባስ?»

«ያን ጊዜ አደጋ ነው በሉ። አልከራከርም።»

ከሟቹ ዕቃ ማስታወሻ ልስጣችሁ ብላ ሾፌሩንና ሸሪኩን ጠራች። ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። መርማሪው በሩ ጋ ቆመ።

ራውተሩን ሰካችው። አንዱ መብራት በራ። ሌላው ተከተለ።

«ይሄ ነገር አይፈነዳም አይደል?» አለ ሾፌሩ።

ሦስተኛው መብራትም በራ።

ትንግ!

ድምፁ የመጣው ከሸሪኩ ኮት ኪስ ነው። ከዚያ ትንግ፣ ትንግ፣ ትንግ፤ ስልክ በማይሰራበት ቤት መልእክቱ ሁሉ ተግተለተለ።

እህትየዋ ፈገግ አለች። ወንድሟ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያዋ ናት፤ የደግ ሰው ፈገግታ ግን አልነበረችም።

«ፓስወርዱን ማን ሰጠህ?»

«እኔ እንጃ... የጎረቤት ዋይፋይ ይሆናል።»

«ጎረቤቱ እኔ ነኝ» አለ ሾፌሩ ባለቁልፍ ስልኩን እያወጣ። «የኔዋ ከእጅ ባትሪነት ሌላ ሙያ የላትም።»

ሸሪኩ ወደ በሩ አየ። መርማሪው ንቅንቅ አላለም።

«ያን ቀን እዚህ ነበሩ» አለው።

የሸሪኩ ትከሻ ወረደ።

ሟቹ ከካሜራው ሌላ ነገር አይገባውም ነበር። የኢንተርኔቱን ሥራ ሁሉ ለሸሪኩ ትቶለታል። ሸሪኩ ደግሞ ሟቹ ዓመታት የለፋበትን ፊልም በራሱ ስም ለቆ ተሸለመበት። ካሜራማኑ ዋይፋይ ባስገባባት ቀን መጀመሪያ የፈለገው ያንን ፊልም ነበር። አገኘው። ከስሩ ያነበበው ስም ግን የሸሪኩ ነው።

«ጠራኝና ‹ስሜን መልስ› አለኝ። አሁኑኑ አስተካክላለሁ ብዬ ፓስወርዱን ተቀበልኩ። ዋይፋዩ ውስጥ ገባሁ። ከዚያ የሚደርስብኝ ውርደት ታየኝ... እጄ እንቢ አለኝ። ስልኩን ሊቀማኝ ሲመጣ ገፈተርኩት። ጭንቅላቱ የጠረጴዛውን ጠርዝ መታው። መሰላሉን ያመጣሁት፣ ራውተሩንም የሰባበርኩት ከሞተ በኋላ ነው።» እህትየዋ እግር ስር ተደፋ። «ይቅር በይኝ፣ እኔም ወንድምሽ ነኝ!»

«ተነስ። እኔ ወንድሜን ቀብሬ መጥቻለሁ። ስልክህን ያዝ። ያኔ አስተካክላለሁ ያልከውን አሁን አስተካክል።»

መርማሪው ካቴናውን እንደያዘ ጉሮሮውን ጠራረገ። ከዚያ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ሸሪኩ የራሱን ስም አጠፋ። የሟቹን ስም ጻፈ።

«ጨረስኩ» አለ።

«አልጨረስክም» አለችው ከራሱ በላይ ቆማ። «ከስሩ ማን እንደገደለው ጻፍ።»