ያላለቀ ምስክርነት

«እሁድ ትመሰክሪያለሽ። ለወንድም ገብረየስ ነግሬዋለሁ፤ ከመዝሙሩ በኋላ ስምሽን ይጠራል» አለች አልማዝ፣ የልጇን የመዘምራን ልብስ እየተኮሰች።

ሮሆቦት የጠቀለለችውን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለሰችው። «ስለ ምን ነው የምመሰክረው?»

«ስለ ምን ትላለች እንዴ! ስለ መፈወስሽ ነዋ። አምስት ሳምንት ሙሉ ራስሽን አልጎዳሽም። ዝርዝሩ አያስፈልግም፤ ‹ታምሜ ነበር፣ ጌታ ፈወሰኝ› ካልሽ ይበቃል። ነገ ሄደሽ ሰሚራን አመስግነሽ ትሰናበቻታለሽ። ተፈወስኩ ብሎ መስክሮ ተመልሶ ሕክምና መሄድ ጌታን መጠራጠር ነው።»

አልማዝ ክፉ እናት አይደለችም። ከስድስት ወር በፊት ሐኪሙ «የስብዕና መታወክ ምልክቶች አሉባት፤ ስሜቷ ቶሎ ይግላል፣ ቶሎ አይበርድም» ሲላት፣ መሃል ከተማ ያለውን የጨርቅ ሱቋን ዘግታ ልጇን ወደ ስነ ልቦና ባለሙያዋ ወደ ሰሚራ የወሰደችው እሷው ናት። አሁን ደስታዋ ልክ አጥቶ የሴቶች ጸሎት ቡድኑን በሙሉ አዳርሳለች። ደስ ያለው ሰው መቼም አፉን አይችልም።

አንድ ነገር ብቻ አታውቅም። ሰኞ ዕለት ሮሆቦት እንደገና ራሷን ጎድታ ነበር።

ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰሚራ የሳምንቱን ወረቀት ተቀበለቻት። ወረቀቱ በየቀኑ የሚሞላ ነው፤ ስሜትሽ ከዜሮ እስከ አምስት ስንት ደረሰ? ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ መጣ? ምን አደረግሽ? ሮሆቦት ከላይ እስከ ታች ዜሮ ጽፋለች።

ሰሚራ ወረቀቱን ጠጋ አድርጋ አየችው። «ሁሉንም ዛሬ ባጃጅ ውስጥ ነው የሞላሽው አይደል?»

«እንዴት አወቅሽ?»

«ማክሰኞ ላይ ዜሮሽ ተንሻፏል፤ ጉድጓድ ገብታችኋል። ረቡዕ ላይ ደግሞ ባጃጁ ዘሏል።»

ሮሆቦት ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ መጣ።

«ሰኞ ዜሮ አልነበረም» አለች።

«አምስት ሳምንትሽ በዜሮ ተባዛ» የሚል ነገር ጠበቀች። ሰሚራ ግን መጀመሪያ የተጎዳው ቦታ ደህና መሆኑን አረጋገጠች፤ ከዚያ ወንበሯን አስጠግታ «ሰኞን ከጠዋት እንጀምረው» አለች። ቀኑን እንደ ሰንሰለት ቀለበት በቀለበት ፈቱት። ሌሊቱን ለፈተና ስታጠና አድራለች። ቁርስ አልበላችም። በዕረፍት ሰዓት የክፍል ጓደኛዋ ወንጌላዊት ሰላምታ ሳትሰጣት ከሌሎች ልጆች ጋር አለፈች።

«ላሽ አለችኝ። በጣም ደበረኝ። ቤት ስገባ ማንም የለም።»

«እዚህ ጋ እንደተለማመድነው ፊትሽን በቀዝቃዛ ውሃ ታጠብሽ?»

«ታጠብኩ። ትንሽ ቀለለኝ። ከዚያ ልደውልልሽ ስልኩን አነሳሁና ሼም ያዘኝ። አምስት ሳምንት ቆይቼ እንዴት ብዬ ልደውል?»

«ቀለበቷ ይህቺ ናት» አለች ሰሚራ። «በሚቀጥለው ሳምንት እሷን እንለማመዳለን። ሼም እንደያዘሽ መደወልን።»

«የሚቀጥለው ሳምንት የለም» አለችና ሮሆቦት የእሁዱን ምስክርነት ነገረቻት።

ሰሚራ ሻሿን እያስተካከለች ትንሽ አሰበች። «በጸሎትሽ አልገባም፤ እኔም እጸልያለሁ። ሕክምናው ግን አላለቀም። ለእናትሽ እኔ ልንገራት ወይስ አንቺ?»

«እኔ» አለች ሮሆቦት።

ሱቁ ስትደርስ አልማዝን ለደንበኛ የመጋረጃ ጨርቅ ስትለካ አገኘቻት። ሮሆቦት ደንበኛዋ እስክትወጣ ጠበቀች። ከዚያ ሳታዞር ተናገረችው።

«እማ፣ ሰኞ ራሴን ጎድቻለሁ።»

አልማዝ የጨርቅ ጥቅሉ ላይ ቁጭ አለች። «ታዲያ ለሴቶቹ ምን ልላቸው ነው?» የሚለው ከአፏ ሾልኮ ከወጣ በኋላ በገዛ ቃሏ አፈረች፤ የልጇን እጅ ይዛ ወደ ራሷ ሳበቻት። «ይቅር በይኝ፣ የኔ እናት። እኔ ነኝ ያጣደፍኩሽ። አሁኑኑ ለገብረየስ ደውዬ ስምሽን አሰርዛለሁ።»

ሮሆቦት እፎይ ልትል ነበር። ግን ስሟ ተሰርዞ ነገሩ ተሸፍኖ ከቀረ፣ ቀጣዩ ክፉ ቀን ሲመጣም እንዲሁ ስልኩን ይዛ ቆማ እንደምትቀር ታያት።

«አታሰርዢው። እመሰክራለሁ» አለች። «ግን ያለውን እንዳለ ነው የምናገረው።»

እሁድ ወንድም ገብረየስ ስሟን ሲጠራ ከመዘምራኑ መሃል ወጣችና ማይኩን ያዘች።

«ታምሜ ነበር። አሁንም ሕክምና ላይ ነኝ» አለች። «አምስት ሳምንት ደህና ሆንኩ፣ ከዚያ ወደቅኩ። ጌታ ስወድቅም አልተወኝም። ሐሙስ ቀጠሮ አለኝ፤ እሄዳለሁ። ጸልዩልኝ።»

አዳራሹን የሞላው ሰው ለተፈወሰ እልል ማለት ያውቃል፤ ገና በመታከም ላይ ላለ ምን እንደሚባል ግን ግራ ገባው። ሮሆቦት ማይኩን ለመመለስ ዞር ስትል፣ አልማዝ ከሴቶቹ ረድፍ ብቻዋን ብድግ አለች።

«አሜን!» አለች፣ እስከ በሩ ድረስ በሚሰማ ድምፅ።