የእማማ ፋሌሲ አውራ ጣት

ካለፈው ኅዳር ወር ወዲህ፣ «ቤቶች» ብሎ ለሚጠራኝ ሰው መልስ አልሰጥም።

ተነሥቼ በሩን እከፍታለሁ። ማን እንደ ሆነ በዓይኔ አያለሁ። አፌን የምከፍተው ከዚያ በኋላ ነው።

የምጽፍላችሁ ነገር በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ከሰው አፍ አልሰማሁትም፤ በሕልሜም አላየሁትም። ጨለማ እንኳ አልነበረም። ማላዊ ውስጥ፣ ከዴድዛ ተራሮች ግርጌ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ፣ በአንድ የመንግሥት አዳራሽ፣ ዓርብ ቀን ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ሆነ። ፀሐዩ የጣሪያውን ቆርቆሮ ያንጣጣው ነበር።

መጠራጠር መብታችሁ ነው። እኔ ግን ቃል አልጨመርኩም።

መሥሪያ ቤታችን ለችግረኛ ቤተሰቦች የሚሰጠውን የመንግሥት ድጋፍ በኮምፒውተር የሚመዘግብ ሠራተኛ ሊቀጥር ነበር። ፈታኟ እኔ፣ ታዳላ፣ ነበርኩ።

ፈተናው የተለመደው የጽሕፈት ፈተና አልነበረም። አለቃዬ አቶ ቻዚያ የራሱን ዘዴ አመጣ። ምዝገባ የሚጠባበቁ ሽማግሌዎችን አዳራሹ ውስጥ ሰብስቦ፣ ተወዳዳሪዎቹ በእነርሱ ላይ እንዲፈተኑ አደረገ። እርሱ እንዳለው፣ እኛ ሠራተኛ እንመርጣለን፤ የተጠራቀመው ሥራም በነጻ ያልቃል።

አስጠላኝ። ግን የነጥብ መስጫውን ወረቀት አዘጋጀሁ።

ችግሩ ጽሕፈቱ አልነበረም። ችግሩ የጣት አሻራው ነበር።

በእኛ በኩል የሽማግሌ ጣት አሻራ የለውም። ትንባሆ ሲለቅም፣ መሬት ሲቆፍር ኖሮ ያልቃል። ማንበቢያው ቀይ ያበራል። ጣቱን በሳሙና እናጥባለን፤ ቫዝሊን እንቀባለን፤ እንደ ገና እናስነካለን። ካልተነበበ ያ ቤተሰብ ከድጋፉ ይወጣል። ምዝገባው የሚዘጋው ደግሞ በዚያው ዓርብ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነበር።

ከፊት የተቀመጡት እማማ ፋሌሲ ነበሩ።

መንገድ ዳር ድንጋይ እየከሰከሱ ጠጠር የሚሸጡ ሴት ናቸው። ልጃቸው ከሞተች ወዲህ የልጅ ልጆቻቸውን ብቻቸውን ያሳድጋሉ። ዝናቡ ሲገባ ጠጠር የሚገዛ የለም፤ ጎተራውም ባዶ ነው። ከዚያ ቀን በፊት በነበሩት ዙሮች ሁሉ አሻራቸው አልተነበበም። ይህ የመጨረሻቸው ነበር።

አውራ ጣታቸውን አየሁት። እንደ ተላጠ እንቁላል ለስላሳ ነው። መዶሻ ጥሎት የሄደ አንድ ጠባሳ ብቻ አግድም ያቋርጠዋል።

የመጀመሪያው ተፈታኝ ክራቫት ያሰረ ጎረምሳ ነበር።

«እማማ፣ ጠበቅ አድርገው ይጫኑት» አላቸው።

«እየተጫንኩ ነው። ካልበቃህ አንተም ላዬ ላይ ውጣና እንጫነው።»

አዳራሹ ሳቀ። እርሳቸው ግን አልሳቁም።

«ጣቴ ያለው ድንጋዩ ላይ ነው፣ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው። «ሄዳችሁ ድንጋዩን አስነኩት።»

ቀጥላ የተቀመጠችው የአቶ ቻዚያ የእህት ልጅ ናት። ጥፍሯ ረጅምና ቀለም የተቀባ ስለ ሆነ ፊደሎቹን በእርሳስ ጫፍ ትነካቸዋለች። ከእያንዳንዱ ሽማግሌ በኋላ እጇን ሽቶ ባለው ወረቀት ትጠርጋለች፤ ወረቀቱን እግራቸው ሥር ትጥላለች። ማንበቢያው ቀይ ያበራል፤ አጎቷ ግን ፈገግ ብሎ ያያታል።

ነጥቧን እየጻፍኩ ነበር...

«ቤቶች...»

የሴት ድምፅ ነው። ለስላሳ፣ የደከመ።

ቀና ሳልል «ይግቡ» አልኩ።

እኛ ዘንድ ሰው ደጅ ላይ ቆሞ ሳይጠራ አይገባም፤ ከውስጥ ሳይፈቀድለትም እግሩን አያነሣም። መልሱ ከልጅነት ጀምሮ አፋችን ላይ ያለ ነው። ማንም አስቦበት አይመልስም።

ቀና ስል የተፈታኙ ወንበር ላይ ሌላ ሴት ተቀምጣ ነበር።

ከሁሉ አስቀድሞ ሽታው ደረሰኝ። ውሃ ገብቶበት የቆየ ዱቄት... ኮምጣጣ፣ ሞቅ ያለ፣ ጉሮሮ የሚይዝ።

ቀጭን ሴት ናት። የለበሰችው ሽርጥ ከወገቧ በታች እርጥብ ነው፤ ዝናቡ ግን ገና አልጀመረም። ስሟን ጠየቅኳት። ኤስናቲ አለች። የአባቷን ስም አልጨመረችም።

ሽማግሌዎቹ ፊታቸውን ወደ ዋናው በር አድርገው ነበር የተቀመጡት። ስትገባ ያያት ሰው አልነበረም።

ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት።

ድምፁ የመጣው ከኋላዬ ነበር።

ከኋላዬ ያለው የጓዳው በር ብቻ ነው። ጓጉንቸሩ እንደ ተቆለፈ ተንጠልጥሏል። ውስጡ ባለፈው የረሃብ ወቅት ሊታደል መጥቶ፣ አዳዮቹ ሳይስማሙ ቀርተው የበሰበሰ በቆሎ አለ። ሰው ደጁ ላይ እየተራበ እኛ ቆልፈን አሻገትነው። ስለዚያ ጓዳ በመሥሪያ ቤታችን አይወራም።

ኤስናቲ የእማማ ፋሌሲን እጅ ያዘች።

ቫዝሊኑን አልነካችም። ሳሙናውንም አልጠየቀችም።

አውራ ጣታቸውን አፏ ውስጥ ከተተችው።

እስከ ሥሩ ድረስ።

የሚሰማው የመምጠጥ ድምፅ ብቻ ነበር፤ ጥጃ ጡት ሲይዝ እንደሚሰማው ያለ። እማማ ፋሌሲ እጃቸውን ሊነጥቁ ሞከሩ... ከዚያ ትከሻቸው ወረደ። የኤስናቲ ዓይኖች ግን ከእኔ ላይ አልተነሡም።

ስታወጣው ጣቱ ነጭ ሆኖ ተጨማድዷል። ግራጫ ምራቅ እንደ ክር ተስቦ ከከንፈሯ እስከ ጥፍሩ ተዘረጋ፤ አልበጠስ አለ።

ጣቱን ማንበቢያው ላይ አኖረችው።

አረንጓዴ በራ።

አንዱ አጨበጨበ። ሁሉም ተከተለው። ሽማግሌዎቹ ጣታቸውን በልብሳቸው እየጠረጉ፣ ዱላቸውን እየተደገፉ ተሰለፉ። እየተጸየፉ ተሰለፉ። ማን ይቀራል?

ወደ አቶ ቻዚያ ሄጄ ይህ እንዲቆም በሹክሹክታ ጠየቅኩት።

«ምኗ ነው ያስጠላሽ?»

«አፏ።»

«ታዳላ፣ አፍ የሌላት ሠራተኛ ከየት ላምጣልሽ?» ብሎ ሻዩን ፉት አለ። «ማሽኑ ከወደዳት እኛ ምን አገባን?»

ተመልሼ ተቀመጥኩ፤ መመልከት ሥራዬ ነውና ተመለከትኩ። ኤስናቲ ምራቋን አትውጥም፤ አትተፋም። ጉንጮቿ ግን ከእያንዳንዱ ሰው በኋላ ሞላ ይላሉ። በምትጽፍበት ጊዜ በቆዳዋ ሥር የሆነ ነገር ይንቀሳቀሳል... ቦታ እንደሚሻማ ነገር።

የመጨረሻው ሰው እንደ ተነሣ ወደ እርሷ ጎንበስ አልኩ።

«ከየት ነው የገባሽው?»

«ይግቡ ብለውኛል።»

ድምፁ ከጉሮሮዋ ወጣ። ከንፈሮቿ እንደ ተገጠሙ ነበሩ።

«አፍሽን ክፈቺው።»

ራሷን ነቀነቀች።

«ገና ነው።»

ተነሥታ ሄደች። በየት በኩል እንደ ወጣች ልነግራችሁ አልችልም፤ ያን ጊዜ የኮምፒውተር ባለሙያችን ዊክሰን ክንዴን ይዞ ወደ ስክሪኑ ስቦኝ ነበር። ዊክሰን ሲቀልድ የሚውል ሰው ነው። አሁን ግን ከንፈሩ ደርቋል።

የተመዘገቡትን አሻራዎች ጎን ለጎን ደርድሯቸዋል። የወንዱም፣ የሴቷም፣ የእማማ ፋሌሲም።

«አንድ ሰው ነው» አለ በሹክሹክታ።

«የትኛው?»

«ሁሉም።»

አየሁ። ጥርት ያለ፣ ሙሉ፣ ምንም ጠባሳ የሌለው አንድ አሻራ ነው።

«ማሽኑ የተደገመ አሻራ ይጥላል» አለ። «ይህን አልጣለውም። ላጥፋው?»

«ብታጠፋውስ?»

ሰዓቱን አየ። «መልሰን የምናስገባበት ጊዜ የለም። ሁሉም ይወጣሉ። እማማ ፋሌሲም ጭምር።»

እንዲጠብቀኝ ነግሬው ወጣሁ።

እማማ ፋሌሲ ከማንጎው ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነበር። በአንድ እጃቸው ስለታም የጠጠር ስባሪ ይዘው አውራ ጣታቸውን ይወጉታል። ስባሪው ይገባል። ደም የለም።

አጠገባቸው ተንበርክኬ እጃቸውን ያዝኩ። ቀዝቃዛ ነው፤ ያው የኮመጠጠ ዱቄት ይሸታል።

ጠባሳው የለም።

«አይሰማኝም» አሉኝ። «ከባድ ነገር አንጠልጥዬ የምሄድ ነው የሚመስለኝ። የእኔ አይመስለኝም።»

የሆነውን ነገርኳቸው። ምዝገባውን ልንሰርዘው እንደምንችል፣ ብንሰርዘው ምን እንደሚቀርባቸው፣ ብንተወው ደግሞ ምን እንደሚመጣ የማውቀው ነገር እንደሌለ፣ ሳልሸፋፍን ነገርኳቸው።

ስባሪውን መሬት ላይ ጣሉት።

«ልጄ፣ ማታ ልጆቹ የሚያሳዩኝ አፋቸውን ነው» አሉ በመጨረሻ። «ጣት የጠየቀኝ የለም። ተይው።»

እጃቸውን በሽርጣቸው ጠቅልለው ተነሡ።

ወደ አዳራሹ ስመለስ አቶ ቻዚያም ሌሎቹም ሄደዋል። ዊክሰን የጓዳውን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ይዟል። ቁልፉ ቀኑን ሙሉ ከእርሱ አልተለየም፤ የመጀመሪያው ጥሪ ግን ከዚያ በር ኋላ እንደ መጣ ነገርኩት።

ጓጉንቸሩን ከፈተው።

ሽታው እንደ እጅ ፊታችንን ደፈነው። ዊክሰን ክንዱን አፍንጫው ላይ አድርጎ የስልኩን መብራት አበራ። ከረጢቶቹ ፈርሰው እርስ በርሳቸው ተጣብቀዋል። የፈነዳው በቆሎ ጥቁር ሆኖ፣ በትል ተሸፍኖ፣ ቀስ ብሎ ይተነፍሳል። ወለሉ ላይ ዱቄት ተነጥፏል። የእግር ዱካ የለበትም።

«በሩን እይው» አለኝ ዊክሰን።

በሩን በውስጥ በኩል አየሁት።

ከላይ እስከ ታች በአውራ ጣት አሻራ ተሸፍኗል። ግራጫ፣ እርጥብ፣ ገና የሚንጠባጠብ። አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም። መሥመራቸው ሁሉ ሙሉ ነው፤ መሬት ቆፍሮ እንደማያውቅ የልጅ ጣት።

በዓይኔ ከፍታ ላይ ካሉት አንዱን ጠባሳ አግድም ያቋርጠዋል።

ጣቴን ላስጠጋ ስል...

«ቤቶች...»

ከከረጢቶቹ በስተ ኋላ። የሽማግሌ ወንድ ድምፅ ነው፤ ትሑት፣ የደከመ፣ ብዙ ደጅ የጠና ሰው ድምፅ።

ዊክሰን ሊመልስ ከንፈሩን ከፈተ። አላሰበበትም፤ ማንም አስቦበት አይመልስም።

እጄን አፉ ላይ ጫንኩት።

እንደዚያው ቆምን። ትንፋሹ መዳፌን ያሞቀዋል። ከውስጥ ደግሞ ድምፁ እንደ ገና፣ ከበፊቱ ቀረብ ብሎ...

«ቤቶች...»

ወደ ኋላ እየተራመድን ወጣን፤ በሩን ቆለፍነው። በግድግዳው ሰዓት አሥራ አንድ ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር። ዊክሰን ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ ጣቱን ማጥፊያው ላይ አድርጎ አየኝ። ስክሪኑ በራሱ ጊዜ እስኪዘጋ ድረስ ምንም አላልኩትም።

ሰኞ ጠዋት ተወዳዳሪዎቹን አዳራሹ ውስጥ ሰበሰብኳቸው። የመረጃ መዝጋቢነቱን ሥራ ያገኘችው ኤስናቲ ናት አልኩ።